ሸዋ ሮቢት ለሚያድር ባለ ዊልቸር፦ የሆቴል ክፍል አመራረጥ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ተጠማዝዞ ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሸዋ ሮቢት ላይ ብዙ መንገደኛ ለምሳ ይቆማል፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለጉዳይ ወደ ቀወት፣ ወደ ኤፍራታና ግድም፣ ወደ አንጾኪያ ገምዛ የሚሄድ ዘመድም ያድርባታል። በዊልቸር፣ በክራንች ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ካለ ግን ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «የት ነው የምናሳድራቸው?»

ብዙውን ጊዜ መልሱ «ደህናውን ክፍል እንያዝላቸው» ይሆንና ስዊት ወይም ቪአይፒ የተባለው ይያዛል። ስዊቱ ደግሞ አየርና ዕይታ እንዲኖረው ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ሶፋ አለው፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለው፣ መጋረጃው ከባድ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ዊልቸር አያስገባም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ክፍሉን በስሙና በዋጋው ሳይሆን በልኩ እንዲመርጡ ነው። የሚያስፈልግዎ ሜትር፣ ስልክ፣ አንድ ወረቀትና ትንሽ ድፍረት ነው።

1. መጀመሪያ የራስዎን ልክ ይያዙ

ስለ ሆቴሉ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ራስዎ መመለስ መቻል አለብዎት። ዊልቸርዎ ላይ እንደተቀመጡ፣ እጅዎ ጎማው ላይ እንዳለ ከክርን እስከ ክርን ይለኩ። ብዙ ሰው ወንበሩን ብቻ ለክቶ «65 ሴንቲ ሜትር ነው» ይላል፤ በሩ ላይ ሲደርስ የእጁ መግቢያ ይጎድላል። ቀጥሎ እግርዎ ማሳረፊያው ላይ እንዳለ ከጣትዎ ጫፍ እስከ ኋላ ጎማው ያለውን ርዝመት፣ ከዚያም ከመሬት እስከ መቀመጫው ያለውን ከፍታ ይለኩ። የመጨረሻው ለአልጋና ለሽንት ቤት መቀመጫ ያስፈልግዎታል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ ይጻፉ። ወደ አልጋ የሚዛወሩት በቀኝዎ ነው ወይስ በግራዎ? ስንት ደረጃ መውጣት ይችላሉ፣ ያውም ከድካም በኋላ? ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ? እናትዎን ወይም አባትዎን የሚያሳድሩ ከሆነ የመጨረሻውን እነሱው ይመልሱ። ወላጆች ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ሲሉ «ምንም አልሆንም፣ የትም አድራለሁ» ይላሉ፤ እሱን እንደ መልስ አይቁጠሩት።

 ይህን የሚጠይቅ ፎርም ሆቴሉ ስለማያዘጋጅ እርስዎ በወረቀት ያዘጋጁት።

2. በቀን ብርሃን የሚደርሱበትን ጉዞ ይያዙ

ክፍል በብርሃን ነው የሚታየው። ሲመሽ ከደረሱ፣ ደክመው፣ መብራትም ጠፍቶ ከሆነ፣ ያገኙትን ተቀብለው ያድራሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በማለዳ ይነሱ። ከመነሳትዎ በፊት በዚያው ቀን ጠዋት የመንገዱን ሁኔታና የሰዓት እላፊ ገደብ መኖር አለመኖሩን ከተማው ውስጥ ላለ ሰው ደውለው ይጠይቁ። የትናንት ወሬ በዚህ መንገድ ላይ አያገለግልም። መንገዱ ከተዘጋ የሚያድሩበትን ክፍል ደብረ ብርሃን ላይ አስቀድመው ቢያጣሩ ይሻላል፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነች ለመመለስም ለመጠበቅም ትመቻለች።

በአውቶቡስ ከሆነ ዊልቸሩ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣ ይሆናል። ትራሱን ግን እንዳይሰጡ፤ ተቀምጠውበት ይሂዱ። የሚወልቀውን ሁሉ፣ ማለትም የእግር ማሳረፊያውንና የክንድ መደገፊያውን፣ አውልቀው ከራስዎ ጋር ይያዙ። ረዳቱ ወንበሩን ሲያነሳ የሚጨብጠው እነዚህን ነው፤ ተነቅለው የሚወድቁትም እነዚህ ናቸው።

አየር የሚሞላ ትራስ ካለዎት ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,280 ሜትር ገደማ። እላይ በቂ የነበረው አየር ቆላ ሲወርዱ ይሟሽሽና መቀመጫዎ ከጠንካራው ወለል ጋር ይገናኛል። እንደደረሱ እጅዎን ከስር አስገብተው ይፈትሹ፤ ካስፈለገ ይሙሉት።

3. ስልክ ይደውሉ፤ ጥያቄውም በቁጥር ይሁን

«ለዊልቸር ይመቻል?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት መልስ «ችግር የለም!» ነው። መልሱ ከክፋት የመጣ አይደለም። እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነ፣ የሚመልሰው ልጅም ዊልቸር ገፍቶ ስለማያውቅ ነው። ደረጃም ካለ «ተሸክመን እናስገባዎታለን» ይባላሉ። እውነትም ይሸከማሉ፤ ግን ሌሊት በ8 ሰዓት ማን ይሸከማል?

ስለዚህ እንዲህ ይጠይቁ፦ «ከግቢው በር እስከ ክፍሉ ድረስ ስንት ደረጃ አለ? አንድም ቢሆን ይቁጠሩልኝ።» «የመታጠቢያ ቤቱ በር ሲከፈት ክፍተቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?» «በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?» «ሽንት ቤቱ መቀመጫ አለው?» «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለክፍሎቹ ይሠራል ወይስ ለባሩና ለወጥ ቤቱ ብቻ?»

ሜትር የለንም ካሉ መላ አለ። አንድ ኤ4 ወረቀት በየትኛውም ሪሴፕሽን ይገኛል። ቁመቱ 29.7፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ወረቀቱ በቁመቱ ሁለቴ፣ በወርዱ ደግሞ አንዴ ከገባ ክፍተቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው ማለት ነው። በሌላው ዓለም የሚሠራበት የበር ልክም እዚያው ግድም፣ 80 ወይም 82 ነው። የእርስዎ ወንበር ከነእጅዎ ከዚያ ካነሰ በጠባቡም ሊያልፉ ይችላሉ፤ ቁጥሩ የሚነጻጸረው በ1ኛው ተራ ከለኩት ጋር ነው።

ከዚያ ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ የአልጋውን አይደለም። የግቢውን መግቢያ፣ የክፍሉን በር ከደፉ ጋር፣ የመታጠቢያ ቤቱን ውስጡን። በሩ መሐል የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው ቢያነሱት ስፋቱ በዓይን ይታያል። ፎቶውን ለመላክ ያመነታ ሆቴል ብዙ ጊዜ መልሱን እየሰጠ ነው።

4. ምድር ቤት ይምረጡ፣ ግን የትኛውን?

በአካባቢው ሁለት ዓይነት ሆቴል ያገኛሉ። አንደኛው አዲስ ሕንፃ ነው፦ ምድሩ ካፌና ባር፣ ክፍሎቹ ፎቅ ላይ። ሌላው የቆየው ዓይነት፣ በግቢ ዙሪያ በረድፍ የተሠሩ፣ በረንዳ ያላቸው ክፍሎች። ዋጋው ዝቅ ያለው ሁለተኛው ቢሆንም ለዊልቸር ብዙ ጊዜ የሚሻለው እሱ ነው። አንድ ደረጃ ወይም አንድ ደፍ ተሻግረው ይገባሉ፤ እሳት ወይም ሌላ አደጋ ቢመጣ ከፎቅ የሚያወርድዎ ሰው ሳይጠብቁ ይወጣሉ።

ሊፍት ያለው ሕንፃ ካገኙ ሊፍቱን ብቻ አይመኑ። መብራት ሲሄድ ማን ያስነሳዋል? ጄኔሬተሩስ ይጎትተዋል? እርግጠኛ ካልሆኑ ከምድር ቤት በላይ አይውጡ።

ምድር ቤት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከባሩ ግድግዳ ጋር የተያያዘው ክፍል እንቅልፍ የለውም፤ አይሱዙና ሲኖትራክ ከሚቆምበት ጎን ያለው ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ሞተር ይሞቅበታል። ከግቢው ዳር ራቅ ያለውን ይጠይቁ፤ ነገር ግን እዚያ ድረስ መሬቱ ምን እንደሆነ ይዩ። ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ የፊት ጎማን ይውጣል። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ሴራሚኩ ሲታጠብ እንደሚያዳልጥ ሳይረሱ። የውኃ መውረጃ ቦይ ካለ ክዳኑን ይመልከቱ፤ ፍርግርጉ ከጎማው ጋር አንድ አቅጣጫ ከሆነ ጎማው ይገባበታል።

ጣራውንም ቀና ብለው ይዩ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ ከሆነ በግንቦትና በሰኔ አይያዙት። ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወቅት ክፍሉ ሙቀቱን እስከ እኩለ ሌሊት ይዞ ይቆያል።

5. መታጠቢያ ቤቱ ካልተስማማ ክፍሉን ይተዉት

አልጋ ይገፋል፣ ሶፋ ይወጣል፤ መታጠቢያ ቤት ግን እንዳለ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ውሳኔው እዚህ ያልቃል። ብዙ ቦታ የክፍሉ በር ሰፋ ተደርጎ ይሠራና የመታጠቢያው በር በ70 ወይም ከዚያ ባነሰ ይቀራል። ከመቃኑ ላይ የበሩ ውፍረት ሲቀነስ ክፍተቱ ደግሞ ያንሳል። የሚለካውም በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ከበሩ ፊት እስከ ተቃራኒው መቃን ነው።

በሩ ላይ ደፍ አለ? ውኃ ወደ መኝታው እንዳይፈስ ተብሎ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ የሚል ደፍ የተለመደ ነው። ረዳት ካለዎት ይሻገሩታል፤ ብቻዎን ከሆኑ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ለመውጣት ሲሞክሩ ወደ ኋላ ሊገለብጥዎት ይችላል።

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ሌላ ችግር አለ። ሰው ወድቆ በሩ ላይ ከተጋደመ ከውጭ መክፈት አይቻልም። እንዲህ ካለው ሻወር ቤት ሲገቡ አይቆልፉ፤ ይልቁንም ሆቴሉን በሩን ከማጠፊያው እንዲያነሳልዎትና መጋረጃ እንዲሰቅልልዎት ይጠይቁ። ማጠፊያው ተነስቶ የሚገባ ዓይነት ከሆነ የአንድ ሰው የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ በዚያውም ላይ ክፍተቱ በበሩ ውፍረት ልክ ይሰፋል።

ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው መሆኑን ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ይዩ። ወንበርዎን አጠገቡ ማቆም ይችላሉ? በሚዛወሩበት ጎን ነው? መቀመጫውን በእጅዎ ይነቅንቁት፤ ቡሎኑ የላላ መቀመጫ ክብደትዎን ወደ ጎን ሲጥሉበት ይንሸራተታል። መደገፊያ ብረት ብዙ ቦታ የለም። ከሌለ የእጅ መታጠቢያውን ወይም የፎጣ መስቀያውን እንዳይዙ። ሁለቱም ለሰው ክብደት አልታሰሩም፤ ተነቅለው አብረው ይወድቃሉ።

የቁጢጥ ሽንት ቤት ብቻ ካለ፣ መቀመጫው መሐል ለመሐል የተቆረጠ የፕላስቲክ ወንበር ብዙ ቤት የሚሠራበት መላ ነው። የሚታጠፍ የሽንት ቤት ወንበር አዲስ አበባ የሕክምና ዕቃ መሸጫዎች ዘንድ ይገኛል፤ በዚህ መንገድ ደጋግመው የሚሄዱ ከሆነ መግዛቱ ያዋጣል።

ለሻወር የሚቀርብልዎ የግቢው የፕላስቲክ ወንበር ነው። ባለ ክንድ የሆነውን ይምረጡ፤ እግሮቹን ገልብጠው ስንጥቅ ይፈልጉ። በእርጥብ ሴራሚክ ላይ እግሮቹ ይከፈታሉ፣ ስለዚህ ከስሩ የጎማ ምንጣፍ ያድርጉና ጀርባውን ከግድግዳ ያስደግፉ። የሻወሩ ማዞሪያ ከተቀመጡበት ካልደረሰ በባልዲና በጆግ ይታጠቡ፤ ውኃ ስለሚቆራረጥም ባልዲው እንደደረሱ ተሞልቶ ይቀመጥልዎ። ለውዱእም ሆነ ለፊት መታጠቢያ ሌላ ጆግ አልጋው አጠገብ ከሳፋ ጋር ቢኖር ሌሊት አያስነሳም።

አንድ የቆላ ጣጣ ልጨምር። ከሰዓት በኋላ «ቀዝቃዛው» ቧንቧ የሚያወርደው ውኃ ቀኑን ሙሉ ጣራ ላይ ባለው ሮቶና በፀሐይ በተጋለጠው ቧንቧ ውስጥ የቆየ ነው። እግሩ ወይም ወገቡ የማይሰማው ሰው ሳያውቀው ሊቃጠል ይችላል። መጀመሪያ በሚሰማው እጅ ወይም በረዳት እጅ ይሞከር።

6. አልጋ፣ አጎበርና ሙቀት

የአልጋው ከፍታ ከዊልቸርዎ መቀመጫ ጋር ቢቀራረብ ጥሩ ነው። ከፍ ካለ ሆቴሉ የደረበውን ሁለተኛ ፍራሽ ያንሱልኝ ይበሉ፤ ዝቅ ካለ ይደርብልዎ። አልጋው ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ከሆነ በሚዛወሩበት በኩል 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ እስኪኖር ይገፋ። ኮሞዲኖው መንገድ ከዘጋ በረንዳ ላይ ይደር።

አጎበርን አይተዉት። ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው አገር የወባ ቦታ ነው፣ ሸዋ ሮቢትም ከዚያ እጅግ ዝቅ ትላለች። ወባው የሚበረታው ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ለእርስዎ ግን አጎበሩ ሌላ ጣጣ አለው፤ ከፍራሹ ስር ሲወሸቅ ተኝተው ከውስጥ ማውጣትና መመለስ ያስቸግራል። በሚወርዱበት ጎን ያለውን አንድ ወገን አይወሽቁት፤ ወለል እስኪነካ ረዝሞ ይውደቅና ጫፉ ላይ ጫማ ወይም በውኃ የተሞላ ኮዳ ይጫንበት። ከጎማው ጋር እንዳይጠመጠም ወንበሩን ከአጎበሩ ውጭ፣ ፍሬኑን ይዘው፣ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ያቁሙ።

ሙቀት ለሁሉም ይከብዳል፤ ለአንዳንዱ ግን አደጋ ነው። የጀርባ አጥንት ጉዳቱ ከደረት በላይ የሆነ ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ሰውነቱ በወጉ አያልበውም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሳይታወቅ ውስጥ ይከማቻል። ቬንትሌተር ያለው ክፍል ይያዙ፣ አብርተውም ይሞክሩት። መብራት ለሚጠፋበት ሰዓት እርጥብ ፎጣ ለአንገትና ለክንድ ይዘጋጅ። ለሽንት ላለመነሳት ብሎ ውኃ አለመጠጣት እዚህ የተለመደ ስህተት ነው፤ ቆላ ላይ ግን ራስን ወደ መሳት ይወስዳል። ፀሐይ ላይ የቆመን ዊልቸር ብረት ደግሞ ሳይነኩ አይቀመጡበት። ላብ ያረጠበው መቀመጫ ቁስል ያፈጥናልና ትራሱን ያድርቁ፤ በየ30 ደቂቃው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከወንበሩ ከፍ ይበሉ ወይም ወደ ጎን ያጋድሉ።

ኢንሱሊን የያዙ ሰዎች በሆቴሉ ፍሪጅ አይተማመኑ፤ ሌሊት ይጠፋል። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ገንቦ ጥላ ውስጥ ካስቀመጡት መድኃኒቱን ከውጭው ሙቀት ያድንልዎታል። መድኃኒቱ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ይሁን።

7. ሲደርሱ፦ መጀመሪያ ሙከራ፣ ከዚያ ክፍያ

ዕቃ ከመውረዱ፣ መታወቂያ ከመሰጠቱ፣ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ራስዎ ወደ ክፍሉ ይግቡ። ወኪል አይላኩ። ከበሩ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ በር አንድ ዙር ይሂዱ። ሻወሩን ይክፈቱ፣ የመብራት ማብሪያው ከአልጋ ይደረስ እንደሆነ ይዩ፣ ቁልፉን ከውስጥ ቆልፈው ይክፈቱ። ሰው ቆሞ ሲጠብቅዎ ያፍሩ ይሆናል፤ ይጠብቅ።

በሩ ጠበበ? ብዙ የብረት በሮች ባለ ሁለት ተካፋች ናቸው፤ አንደኛው ከላይና ከታች ተቀርቅሮ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ ይኖራል። «ይሄኛውም ይከፈትልኝ» ይበሉ። ቀርቃሪው ዝጎ ከሆነ ጥቂት ዘይትና መዶሻ ይበቃዋል።

መግቢያው ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ካለ ጣውላ ይጠይቁ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ደረጃው 15 ከሆነ 180 ሴንቲ ሜትር ጣውላ ያስፈልጋል። ያጠረ ጣውላ ላይ ብቻዎን አይውጡ፣ ሰው ከኋላ ይያዝዎ፤ ሲወርዱም ወደ ኋላ ዞረው ይውረዱ። ግድ ሆኖ ከተሸከሙዎት ደግሞ ትእዛዙን እርስዎ ይስጡ። ደረጃ ሲወጡ ጀርባዎ ወደ ደረጃው ይሁን፣ ጠንካራው ሰው ከኋላ እጀታውን ይያዝ፣ ሌላው ከፊት ዋናውን ብረት። የሚወልቅ ክንድ መደገፊያ ማንም አይንካ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለውም አንድ ሰው ብቻ ይሁን።

አብሮዎት የሚያድር ሌላ አካል ጉዳተኛ ካለም ያስቡለት። ማየት ለተሳነው እንግዳ ዋናው ነገር የሆቴሉ ሰው አንዴ በእግሩ ዙሪያውን አስጎብኝቶ ቦዩንና ደረጃውን ማሳየቱ ነው፤ ዕቃም በጽዳት ጊዜ ከቦታው እንዳይነሳ ይነገር። መስማት የተሳነው ደግሞ የበር ማንኳኳት ስለማይሰማ ትርፍ ቁልፉ ሪሴፕሽን መኖሩን፣ አደጋ ቢመጣ ማን ከፍቶ እንደሚቀሰቅሰው አስቀድሞ ይስማማ።

8. ከመውጣትዎ በፊት ባለቤቱን ያነጋግሩ

አስተናጋጁን ሳይሆን ባለቤቱን ወይም ሥራ አስኪያጁን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃውም ለእነሱ እንዲስማማ አዝዟል። ይህን እንደ ክስ አያቅርቡት፤ ክፍሉን በተጠቀመ ሰው አፍ ሲነገር በደንብ ይሰማል። የለኳቸውን ቁጥሮች ጽፈው ይስጡት፦ የትኛው ክፍል፣ በሩ ስንት፣ ደፉ ስንት። ከእርስዎ በኋላ «ለዊልቸር ይመቻል?» ብሎ ለሚደውል ሰው ሪሴፕሽኑ ከዚያ ወረቀት ያንብብለት።

ባለ ሆቴሎችም ይህን ካነበባችሁ፣ አንድ የምድር ቤት ክፍል ምረጡ። ደፉን በሲሚንቶ አለዝቡት፣ የመታጠቢያውን በር ወደ ውጭ አዙሩት፣ ግድግዳው ላይ በደንብ የታሰረ ብረት ግጠሙበት። ዋጋውን ከጎረቤቱ ክፍል አታስበልጡ።